በእኔ ትንፋሽ የተመረጠ ትራምፔት

ትናንት የልጄ የደንብ ልብስ ተተርትሮ የስፌት መኪናዬን ዘይት ስቀባ፣ ሽታው ሳላስበው ከአባቴ ጋር ደሴ የሄድንበትን ቀን ይዞብኝ መጣ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ላሊበላ ገበያው ጥግ ልብስ ይሰፉ ነበር። ከዚያ በፊት ግን በቀድሞው ጦር የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ነፊ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መኪና ተገለበጠና የፊት ጥርሶቻቸውን አጡ። እንዲያ ከሆነ በኋላ ትራምፔት የለም፤ ከንፈር የሚደገፍበት ያጣል። ይዘው የገቡት ከንፈር የሚያርፍባትን የናስ ጫፍ ብቻ ነበር። እሷን የውኃ ጎማ ላይ ሰክተው፣ በጎማው ሌላ ጫፍ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት አስረው፣ በዚያ አስተማሩኝ። ጎረቤት ይስቅብን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

የከተማው ወጣቶች የኪነት ቡድን አንድ ትራምፔት እንዲገዛለት ሲወሰን፣ ነፊዋ እኔ፣ መራጩ አባቴ ሆንን።

ደሴ ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ሁለት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩልን። አንዱ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የፊት አፉ የተንሰራፋ ነው። ሌላው ቢጫ፣ የተጫጫረ፣ አፉም ሰብሰብ ያለ። ልቤ ነጩ ላይ ቀረ።

አባቴ አልቸኮሉም። ከቢጫው የመካከለኛውን ቁልፍ ቱቦ ሳብ አድርገው አወጡና፣ እርሳስ ላይ የጋዜጣ ወረቀት እየጠቀለሉ ልክ የቱቦውን ቀዳዳ እስኪሞላ አወፈሩት። ያንኑ ጥቅል የነጩ ቱቦ ውስጥ ሲከቱት ተንቀዋለለ። ነጩ ሰፊ ነው ማለት ነው። ሰፊው ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ግን ድምፁ ሙሉ ነው፤ ጠባቡ ቶሎ ይመልሳል፣ ርቆም ይሰማል አሉኝ። ከዚያ የሁለቱንም አፍ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ። የነጩ ቆርቆሮ ስስ ስለነበር ድምፁ ተበትኖ ቆየ፤ የቢጫው አጭርና ጥርት ያለ ነበር። ጦር ክፍል ሳሉ የሚነፉት እንደ ነጩ ያለ እንደነበር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ነጩን አቀበሉኝ።

ነፋሁ። ታችኛው ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ የአባቴ ፊት በራ። ወደ ላይ ስወጣ ግን ዜማው ሳያልቅ ትንፋሼ አለቀ። እንደገና ሞከርኩ፤ ራሴ ዞረ። የአባቴ ፊት ግን እንደበራ ነበር። ሻጩ፣ ልጅ ናት፣ እያደገች ትሞላዋለች ብለው ነጩን መጠቅለል ጀመሩ። አባቴም አልከለከሏቸውም።

ያን ጊዜ ነው ደፍሬ የተናገርኩት።

«አባ፣ ይኼ ለአንቱ ነው የሚሆን። እኔ አልሞላውም።»

አባቴ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ኮታቸው ላይ የስፌት ክር ተጣብቆ ነበር፤ እሱን ለቅመው ጣታቸው ላይ ሲጠቀልሉ ቆዩ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

«ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ስመርጥ የነበር ለራሴ ትንፋሽ ነው።» ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረው፣ «ልብስ ቢሆን በልኳ አጠብበው ነበር» አሉ። ሻጩ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቢጫውን ነፋሁ። ገና ከንፈሬን ሳስጠጋ መለሰልኝ። ከላይ እስከ ታች ሳልቆም ወረድኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይኼው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሲወጡ ግን የነጩን አፍ በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አደረጉት። አሁን አባቴ የሉም፤ ያቺ የመዳፍ ዳበሳ ግን አንዳንዴ ትታወሰኛለች።

በማግስቱ ቢጫውን ይዘን ወደ ላሊበላ ስንመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጋሸና ቆመ። ብርዱና ንፋሱ ፊት ይገርፋል፤ የገብሱ ማሳ ታጭዶ ሜዳው ተገልጧል። አባቴ ንፊ አሉኝና በማሳው መካከል እየራቁ ሄዱ። ተሳፋሪው ከበበኝ። አፍሬ ነበር፤ ግን ነፋሁ። አባቴ ራቅ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ተሰምቷል ማለታቸው ነው። ደግሞ ራቁ፤ ደግሞ አነሡ። ጋቢያቸው አንዲት ነጭ ነጥብ እስክትመስል ሄዱ። ሾፌሩ ክላክሱ ላይ እጁን እንዳሳረፈ ጠበቀን እንጂ አልነካውም። እኔም ያቺ ነጥብ እጇን ባነሣች ቁጥር እንደገና ትንፋሽ እየሳብኩ ነፋሁ።