በአሰላ ሜዳ የሞላው ባሕር

ዛሬ ጠዋት ገመድ ላይ ያሰጣሁት ሰማያዊ አንሶላ ነፋስ ገባበትና ተነፋ። ልቤ ወዲያው ወደ አሰላ፣ በጃንሆይ ዘመን ወደነበረው የትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል በረረ።

ከመካከላችን ባሕር ያየ አልነበረም። የሳይንስ መምህራችን ግን ባሕር በጨረቃ ስበት እንደሚሞላና እንደሚጎድል በጭፈራ እናሳያለን ብሎ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ የነከርነውን አቡጀዲ አስያዘን። ዘሃራ ነጭ ትሪ ከራሷ በላይ ይዛ ጨረቃ ሆነች። እሷ ወደ ወላጆቹ ስትጠጋ እኛ ሴቶቹ እንደ አርሲ ጭፈራ አንገታችንን እየወዘወዝን ጨርቁን ይዘን እንከተላታለን፤ ስትርቅ እንመለሳለን። ወንዶቹ የሚመቱት ከበሮ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ባሕሩ ፊተኛው ረድፍ ሲደርስ እንደ አያት የምናያቸው ጎረቤታችን አኮ ፋጡማ ብድግ አሉ። ከሜዳው እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና ጨርቃችን ላይ አኖሩት። ከበሮው ቆመ። መምህሩ ትርኢቱ ሊበላሽበት ነው ብሎ ደነገጠ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ ነው» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ጨርቅ መሆኑንማ አያለሁ፣ ልጄ። ውሃ ይመጣል ብላችሁ አይደል የጠራችሁን? በእኛ ወግ ትልቅ ውሃ እርጥብ ሣር ተይዞ እንጂ በባዶ እጅ አይቀበሉትም።»

ከኋላቸው እናቶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ሣር ይነጩ ጀመር። ከበሮው ተመለሰ። ዘሃራ ትሪዋን ከፍ አድርጋ ሮጠች፤ ባሕራችንም ሣሩን ተሸክሞ ተከተላት።

ባሕር እስከ ዛሬ አላየሁም። አንሶላው ዳግም ሲነፋ ግን ጎንበስ ብዬ ከግቢው ሣር ነጨሁ።