የካምፓኒው ታፔላ

«ካምፓኒ ብለህ ጻፍ አልኩህ እኮ! ምኑ ነው የሚያከራክረን?»

«ማንና ማን ናቸው ካምፓኒው?» አልኩት፣ ብሩሹን ሳላነሳ።

«ወይ ገጣሚ! ታፔላ ጻፍ ሲሉህ ጥያቄ ትጽፋለህ።» ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው።

የምንከራከረው ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቃችን ውስጥ ነበር። እሱ በያጅ ነው፤ የታፔላውን ብረት በይዶ ላሜራውን ይወጥራል፣ እኔ እጽፍበታለሁ። ባጃጆቹ ጀርባ ላይ የምታዩት ጥቅስ አብዛኛው የእጄ ነው፤ ባለባጃጁ የሚያስጽፈው ሲያጣ ከራሴ ግጥም ሁለት መስመር ቆርጬ እሰጠዋለሁ። ሱቋን አብረን ነው የከፈትናት። ጣሪያዋን በዚያ ሙቀት ተራ በተራ እየወጣን የመታነው እኛው ነን። የአክስቱ ልጅ ከአዲስ አበባ የባነር ማተሚያ ማሽን እያስመጣ መሆኑን ግን የሰማሁት ከሰው ነው። ከሰው! ያን ጠዋት ደግሞ ባዶ ላሜራ ፊቴ አቁሞ የራሱንና የአክስቱን ልጅ ስም፣ ከሥሩም «ካምፓኒ» እንድጽፍለት አዘዘኝ። የእኔ ስም የለበትም።

ያንገበገበኝ ሌላም ነገር ነበር። ቃሏን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ከስልኬ መዝገበ ቃላት ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ አንድ ቃል መዝዤ ዘሩን እቆጥርለታለሁ። የካምፓኒ ዘር ላቲን ከሚባል አሮጌ ቋንቋ ነው። «ኮም» አብሮ ማለት ነው፣ «ፓኒስ» ደግሞ ዳቦ። በጥንቱ ዳቦ አብረው የሚበሉ ሰዎች ማለት እንጂ ድርጅት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን እንግሊዞቹ ቤታቸው የመጣን እንግዳ በዚሁ ቃል ይጠሩታል፣ አንድ ሻምበል ጦርንም እንዲሁ፣ ከሰው ጎን መሆንንም እንዲሁ። ነጋዴ የወሰደው በኋላ ነው። ይህን የነገርኩት ቀን ጭኑን መታ። «እኛስ ባልንጀራ እንል የለ? ባለ እንጀራ! ነጮቹ ከእኛ ሰርቀው ነው!» ብሎ ቀኑን ሙሉ ለገባ ለወጣው ሲያወራ ዋለ።

ምሳችንም አንድ ሰሃን ነበር። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን፤ አንዳችን ያረደውን ሌላችን አንበላም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሽሮ ነው፣ ቢበዛ ምስር። «በእኔ ሰበብ ዓመቱን ሙሉ ጾመህ ጸደቅህ» እለው ነበር። «አንተስ ሁዳዴን ሳታውቀው ትጨርሰው የለ?» ይለኛል። በእኛ አገር በይፋት ይህ ብርቅ አይደለም። ድግስ ሲኖር ደጋሹ ለሌላው ወገን ለብቻው ያሳርዳል፣ ድስቱም ሰሃኑም ለብቻው ነው። በእህቱ ሠርግ እናቱ ከእኛ ሰፈር አራጅ አስጠርተው ነበር። እጄን ይዘው ከዳሱ ጥግ ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ የእናንተ ያውልህ፤ ከእኛ ሰው ማንም አልነካውም» አሉኝ። «አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብዬ ስቀመጥ፣ የዚያ ቤት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

«ማሽኑን የጫነው መኪና ጣርማ በርን አልፏል» አለ ስልኩን እያየ። «አሁን ይገባል። ስማ፣ አንተ አትጎዳም። በወር በወር ትቀጠራለህ።»

«በገዛ ሱቄ?»

«የእጅ ጽሑፍ ዘመኑ አለፈ፣ ወንድሜ። እስቲ አላለፈም ብለህ ወላሂ በል!»

መማል አልቻልኩም። ዓይኔን ከእሱ ሳሸሽ ከብየዳ ማሽኑ ጀርባ በጋዜጣ የተሸፈነ ትሪ አየሁ። የእኛ ትሪ አይደለም። ከጋዜጣው ጫፍ የጎድን አጥንት ወጥቶ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ አጠገቡ የአዋዜ ሰሃን ደርቋል።

«ትናንት የታፔላ ቦታ ለካልኝ ብለህ ማጀቴ ከተማ ድረስ የላክኸኝ ለዚህ ነው?»

«ኧረ ፍየል ናት። የአክስቴ ልጅ ቀድሞ ገባና... የካምፓኒው ምርቃት ነገር ነው። ብዙ ሰው አልነበረም።»

«እሺ። ለእኔ የታረደ ነበረ?»

ዶሮም ብትሆን ይበቃኝ ነበር። ማጀቴ ስለነበርክ ነው፣ ሌላ ቀን እናሳርዳለን ቢለኝ እንኳ ብሩሹን አነሳ ነበር መሰለኝ። እሱ ግን ትሪውን ዞሮ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ጉዳዩ ገና ያኔ ትዝ እንዳለው ከፊቱ አነበብኩ። ፍየሏ ስትገዛ፣ ስትታረድ፣ እንግዳ ሲጠራ፣ አንዴም ትዝ አላልኩትም።

«እውነት ለመናገር፣ አላሰብኩትም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አልዋሸም። ሰበብ ቢፈጥር ይሻለኝ ነበር፤ ሰበብ የሚፈጠረው ለሚፈሩት ሰው ነው።

ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። የአክስቱ ልጅ ስሙን ጠራው። «መጣሁ!» አለና ከምስማሩ ላይ ሸሚዙን አወረደ፣ አንድ ቁልፍ እያዛነፈ ቆለፈው። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞር ሳይል፣

«ስትወጣ የሱቁን መክፈቻ ለጎረቤት ተውልኝ» አለኝ።

ወጣ። የብረቱ በር ከኋላው ተዘጋ።