በተክሉ ጋን ውስጥ የተገኙት ብልቃጦች

ከሞጣ ተዛውሬ ቢቸና ባዮሎጂ በማስተምርበት ጊዜ፣ ውጭ አገር የተማረ ጓደኛዬ ዝንብ የሚበላ ተክል አመጣልኝ። ቅጠሉ እንደ ትንሽ እንስራ ነው፤ የገባችበት ዝንብ አትወጣም። ችግሩ ሥሩ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ተክሉን በሸክላ ማሰሮ ተክዬ፣ ማሰሮውን አፉ በተሰበረ ጋን ውስጥ አስቀመጥኩና ዙሪያውን አሸዋ ሞላሁበት። አሸዋውን ጠዋት ማታ ሳርሰው ጋኑ እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አሸዋው ተቆፍሯል። እጄን ብሰድበት ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች አወጣሁ። አንገታቸው ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ክር ታስሯል።

ክው አልኩ። መተት! ማን ይሆን እንዲህ የጠላኝ? ድንጋይ ላይ ልከሰክሳቸው እጄን ሳነሳ አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ እየጮኹ መጡ።

«መምህር፣ በማርያም! እንዳትሰብረው!»

«ማን ነው የቀበረብኝ?»

«እኔ ነኝ። የስኳር መድኃኒት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት ተብለን፣ መብራቱ እየጠፋ ፍሪጁ አላስተማምን ቢለን ነው ያንተ ጋን ውስጥ የከተትነው።»

እፎይ አልኩ፤ ግን «ተብለን» ያሉት ከነከነኝ። «ሦስቱም የእርስዎ ነው?»

«ቀዩ የኔ ነው። ጥቁሩ የጎረቤታችን የቄሱ ነው።»

«ነጩስ?»

አቀርቅረው ነጠላቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«የእጮኛህ ነው፤ የአልማዝ። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር።»