አራት ጣት

እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለይዞታ ጉዳይ ስመላለስ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከሠራተኞቹ ሁሉ የለመድሁት አትክልተኛውን ሽማግሌ ነው። የካኪ ሱሪያቸው ጉልበት አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ፀሐይ ያገኘውን ሣር በትልቅ መቀስ አሳጥረው ይቆርጡና የግቢው ትልቅ ዝግባ ዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። እዚያ ያለውን ሣር በአራት ጣታቸው እየለኩ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል።

«የጥላ ሣር ያችኑ ትንሽ ፀሐይ የሚለቃቅመው በቅጠሉ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ቅጠሉን ከነሳኸው በምን ይኑር?»

እኔን «ነገ ተመለስ» የሚለው ኃላፊ ግን ሣሩ ሁሉ እኩል ካልሆነ አይወድም። እኩል ሲቆረጥ የጥላው ይደርቃል። እሳቸው ከሌላ ቦታ ነቅለው ይተክላሉ፤ ሥር ሲይዝ ደግሞ እኩል ይቁረጡ ይባላሉ።

ዛሬ ከዝግባው ሥር ቆባቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ያለው መቀስ ሳይሆን መጥረቢያ ነው።

«ምነው አባባ?»

«ሣሩን የገደለው ዛፉ ነው ተባለ» አሉ ግንዱን ሳያዩ። «አራት ጣት ሣር ተዉልኝ ብል፣ ዝግባውን ቁረጥ ተባልሁ።»