ደሎ መና ላይ የበረዳት አክስቴ

አክስቴ ሮቤ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ካፖርትና ሹራብ ትሸጥ ነበር። እሷ ራሷ ግን ካፖርት ለብሳ አታውቅም። በሮቤ ዙሪያ ያለው የሲናና ማሳ ሌሊቱን ውርጭ ተጋግሮበት በሚያድርበት በታኅሣሥ እንኳ በአንዲት ስስ ሹራብ ቆማ፣ "ኑ፣ ብርድ ሳይጨርሳችሁ!" እያለች ትጣራለች። ደንበኛ "አንቺስ?" ሲላት፣ "እኔን ብርዱ ያውቀኛል፣ አብረን ነው ያደግነው" ትለዋለች። የአባቴ እህት ናት፤ እኛ ቤት ኦሮምኛውና አማርኛው ስለማይለይ አዳዳ ነበር የምንላት። እንደ ወጉ "እርስዎ" ልንላት ይገባ ነበር። "አሮጊት አታድርጉኝ" ብላ ስለከለከለችን ግን "አንቺ" እያልናት አደግን።

ገዢው ግንባር ሥልጣን ላይ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት ውስጥ እግሯ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ወጣባት። እሾህ መስሏት ብዙ ጊዜ ዝም አለችው። ሲመረመር የቆዳ ካንሰር ሆነ፤ እስኪቆረጥላት ድረስ ደግሞ ብሽሽቷ ላይ እብጠት ደርሶ ነበር። ዐረብ አገር ያሉ ልጆቿ ህንድ ወስደው አሳከሟት። እዚያ የጀመሩላት መድኃኒት አዲስ ዓይነት ነው። ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ እንዲዋጋው ያደርጋል። አዳዳ ይህን ለገበያ ሴቶች ስታስረዳ፣ "ፖሊሶቼ ተኝተው ኖሯል። መርፌው ጆሯቸውን ይዞ ያስነሳቸዋል" ትል ነበር። ከእሷ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከህንድ ከተመለሰች በኋላ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል እየሄደች መርፌውን ትወስድ ጀመር። የብሽሽቷ እብጠት እየሟሸሸ መጣ፤ እኛም ልባችን ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሸቀጧ መሃል ትልቁን የወንድ ካፖርት መርጣ ለበሰችው። ጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁባት፣ እሷም አብራ ሳቀች። በሳምንቱ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደረበች። ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎርነን አለ፣ ቆዳዋ ደረቀ፣ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ እያናገራት እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ያቺ መላሰኛ ሴት አንድ ቃል ለመመለስ እንኳ ትዘገይ ነበር።

ህንድ ያሉት ሐኪሞች ተጠንቀቁ ያሉን ብዙ ነገር ነው። በእኛ ጭንቅላት የቀረው ግን ትኩሳቱና ተቅማጡ ብቻ ነበር። ስለ ብርድ ነግረውን ቢሆን እንኳ፣ ለሮቤ ሰው ብርድ ምኑ ይነገራል? "ዘንድሮ ብርዱ ከፋ" አልን። ለዚያራ፣ ሊጠይቃት የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። የጎሮ ዘመዶቿም፣ የዲንሾዎቹም፣ የመስጊድ ወዳጆቿም እንዲሁ። አልጋዋ ላይ የተከመረው ሌላ ሱቅ ያስከፍት ነበር። ከሥሩ እሷ ትንቀጠቀጣለች።

ቀስ በቀስ ማንም አፍ አውጥቶ የማይለው ነገር ቤቱን ሞላው፦ ካንሰሩ ተመልሷል። የሚቀጥለው መርፌ ቀን ደርሶ ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ህንድ ላሉት ሐኪሞች መጻፍ አልተቻለም። አዲስ አበባ የሚከታተላት ሐኪም በስልክ "አምጧት" አለን፤ ቤተሰቡ ደግሞ "በዚህ አቅሟ እንዴት አድርጋ?" አለ። ዱዓ ተደረገና ታላቅ ወንድሟ ተናገሩ።

"መድኃኒቱ ነው የጨረሳት። ይቅርባት። ቤቷ በሰላም ትረፍ።"

እኔ ተናድጄ ልነሳ ስል አዳዳ በጎርናና ድምፅዋ ቀደመችኝ።

"ይህ ብርድ የደጋው ከሆነ ቆላ ድረስ አይከተለኝም። ደሎ መና ውሰዱኝ። እዚያ ከሞቀኝ አየሩ ነው፣ ተዉኝ። እዚያም ከበረደኝ ግን ብርዱ ያለው እኔ ውስጥ ነው። ያኔ ምን እንደሆነ ይፈለግልኝ። ሳላውቅ አልተውም።"

ስንቱ ተምሬያለሁ ባይ በተቀመጠበት ቤት ይህን ያሰበው የታመመው ጭንቅላት ነበር። እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው።

በማግስቱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን በጎባ በኩል ወጣን። ሳነቴ አናት ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ በጋቢ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ይንዘፈዘፋል፤ አዳዳም እንደማንኛችንም መሰለች። ሪራን አልፈን የሐረና ደን ውስጥ ስንገባ መስኮት ተከፈተ። ከዚያ አንዱ ጋቢውን፣ ሌላው ሹራቡን እያወለቀ ወረድን። እሷ አንድም ቁልፍ አልፈታችም።

ደሎ መና ዘመዶቻችን ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አዳዳ በካፖርትና በጋቢ፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ድረስ ጠበቀች።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ እጄን ያዘኝ" አለችኝ።

ያዝኳት። ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ነው። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ሳቀች።

"እሰይ! ደጋውን በከንቱ ስናማው ከርመናል።"

በነጋታው ጉዞ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሆነ። ወጣቱ ሐኪም ምን እንዳመማት ሲጠይቃት፣ "ደሎ መና ላይ በረደኝ" አለችው። ቀና ብሎ አያት። የመድኃኒቱን ነገር፣ ፖሊሶቹንም ሳታስቀር አጫወተችው። አንገቷን ዳሰሰ።

"እንቅርት አለብኝ እንዴ?"

"የለብዎትም እናቴ። አንገትዎ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ ሰውነትን የምታሞቀው እሷ ናት። የተቀሰቀሱት ፖሊሶችዎ ካንሰሩን ሲያሳድዱ እሷንም ደብድበዋት ይሆናል። በደም እናረጋግጣለን።"

ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ መጣ፤ ዕጢዋ ሥራ ወደ ማቆሙ ደርሳለች። የጎባው ሐኪም ከአዲስ አበባው ጋር በስልክ ተመካክሮ ክኒን አስጀመራት፣ ትንሽ ስትበረታም ለምርመራ አዲስ አበባ ወሰድናት። ካንሰሩ አልተመለሰም። የብሽሽቷ እብጠት እንዲያውም ይበልጥ አንሷል። መርፌው ይቀጥላል፤ ክኒኗን ግን በየማለዳው በባዶ ሆዷ፣ ዕድሜ ልኳን ልትወስድ ነው። ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰሙ አዘኑ።

"ዕድሜ ልክ?" አሉ።

"አዎ፣ ዕድሜ ልክ!" አለቻቸው። "እናንተ በሰላም ትረፍ ስትሉኝ ሐኪሙ ዕድሜ ልክ አለኝ። ማንን ልስማ?"

ከፈጅር ሰላት በኋላ ክኒኗን ውጣ፣ ቁርሷን አቆይታ ስትቀመጥ ሳያት የምትጠብቀው ቁርሱን ብቻ አይመስለኝም ነበር። ድምፅዋ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ከድምፅዋ በፊት ግን ምላሷ ተመልሶ ነበር። አንድ ቀን "ደሎ መና እንሂድ" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ያው ካፖርት፣ ያው መንገድ። ሳነቴ ላይ "በረደኝ" ስትል ክው ብዬ ዞርኩ። "ምን ታፈጥብኛለህ? አንተስ አልበረደህም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ማንጎው ሥር እንደ በፊቱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሻሿ ጠርዝ ሥር ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ስትወጣ አየሁ። መሐረቤን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ሞቃት ነበር።

"አትንካት! ናን ደፍቄ! ላበኝ እኮ! አልሃምዱሊላህ።"

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ጠብታዋ ጉንጯ ላይ እስክትወርድ ጠበቀች። ከዚያ ካፖርቱን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣለችው።

"ሮቤ ስንገባ ከሸቀጡ ጋር ስቀለው" አለችኝ። "እሸጠዋለሁ።"