በእህቱ ሰዓት

ፀሐይ በቀን የጨለመችበት ያ ኤፕሪል ዛሬም ቆዳዬ ላይ አለ። ሙቀቱ ድንገት ሲጠፋ ክንዴን ብርድ ወረረው፤ ፍርሃት ይሁን ደስታ እንጃ። ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ የምሠራበት ሆቴል ግርዶሹን ለማየት በመጡ እንግዶች ተጨናንቆ፣ እኛ ላውንድሪ ውስጥ ከአንሶላ ቀና የምንልበት ጊዜ አልነበረንም።

ተሻገር ያኔ አብሮኝ ይሠራ ነበር። የጎንደር ቤተ እስራኤል ነው። በልጅነቱ ከታላቅ እህቱ ከዓለምጌጥ ጋር በእግር ሱዳን ገቡ። እሱ ታሞ ሐኪም ድንኳን ውስጥ እንደተኛ እሷን በመኪና ጭነው ወሰዷት። እሷ እስራኤል ገባች፤ እሱ በስደተኛ ወረፋ ቴክሳስ ደረሰ። እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የተገናኙት አንዴ ብቻ ነው። ኩላሊቷን ታማ ስለነበር በየሐሙሱ ይደውልላታል።

በዚያ ሰሞን አንድ ረቢ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጠፈር ንግግር አደረጉ። ተሻገር ወንበር ሲደረድር የሰማውን መጥቶ ነገረኝ። ምድርን ለሚዞር ጠፈርተኛ ፀሐይ በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ ስድስት ጊዜ ትወጣለታለች። ታዲያ ሰንበቱን በየትኛዋ ፀሐይ ይያዝ? በተነሣበት ቦታ ሰዓት ይያዝ፤ የራቀ ሰው ከወገኖቹ ጋር ይረፍ አሉ ረቢው። ተሻገር ይህን እንደሰማ ውኃ አምጣ ተብሎ ወጣ።

"እኔ የተነሣሁት ከእሷ አጠገብ ነው" አለኝ። "ከእንግዲህ ሰንበቴ በእሷ ሰዓት ይገባል።"

እስራኤል ፀሐይ ስትጠልቅ እዚህ ገና ረፋድ ነው። ሶ፣ በየዓርቡ ጠዋት ሥራውን ለእኔ ትቶ ካሮልተን እቤቱ ይገባል። ስልኩንም እንዳይነካው እኔ ዘንድ ያኖረዋል፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን እቤቴ መጥቶ ይወስዳል። ጠፈርተኛው ሊነሣ ነው እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱም፣ እትዬ ብርቅነሽ፣ እርስዎ ምድር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ይለኛል። ስልኩ ቢጠራ እንዳላነሣው ነግሮኛል።

ኦክቶበር ውስጥ አንድ ዓርብ፣ የልብስ ማድረቂያውን ድራየር ስከፍት ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ጠራ። የእስራኤል ቁጥር ነው። ዓለምጌጥማ በሰንበቷ ስልክ አትነካም፤ ሌላ ሰው ነው አልኩ። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ሲጠራ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ፣ ስልኩን ሳላነሣ እጄን መለስኩ። እኔ የጴንጤ ቸርች ሰው፣ የእሱን ሰንበት ልሻርበት እንዴ ብዬ።

ቅዳሜ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ከሰንበቱ ዳቦ ቆራሽ ይዞልኝ መጣ። የተተወለትን መልእክት ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው። የእሷ ድምፅ ነው፤ ቀጥኗል።

"ተሻገር፣ ሰንበት መግባቱን አውቃለሁ። ልጄ ኤልያብ ነው የደወለልኝ። ለነገ የምደርስ አይመስለኝም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።"

መልሶ ደወለ። ኤልያብ አነሣ። ሌሊቱን አርፋለች፤ ሰንበቱ ስለወጣ አሁን ሊቀብሯት ነው።

"ጠርቶ ነበር?" አለኝ።

"ሦስት ጊዜ።"

"አያንሡ ያልኩዎት እኔ ነኝ" አለ። ዳቦው ሳይነካ ደረቀ።

ከሳምንት በኋላ የልጅ ልጄ ቤቴል የረቢውን ንግግር ቪዲዮ አገኘችው። ባላሳየው ይሻል ነበር፤ አሳየሁት። ረቢው ስለ ሰንበቱ ሰዓት ከተናገሩ በኋላ ንግግራቸው አላለቀም ነበር። ጠፈርተኛው ግን ሬዲዮውን በሰንበትም አይዘጋም፤ የታመመ ቢጠራው ይመልሳል፣ ነፍስ ከሰንበት ትቀድማለችና ይላሉ። ተሻገር ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ።

"ይኼኔ እኔ ውኃ እየቀዳሁ ነበር" አለ።

ኖቬምበር ላይ ሥራውን ለቆ ሄደ። እኔ ያን ሽርጥ እስካሁን አልለብሰውም። ጃንዋሪ ላይ ለኤልያብ ደውዬ ስጠይቀው፣ ተሻገር እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ዓለምጌጥ ትኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ እንደሚኖር ነገረኝ።