በሬ ያልተጠመደበት ሰኞ

ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አመነታሁ። ሌባ የለበት፣ አደጋ የለበት፤ የአንድ መቃብር ጉዳይ ነው፤ ማን ያነበዋል? ግን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ቤት በገባሁበት ክረምት የሆነውን ሳላስብ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው።

መንደራችን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ከበታቿ የቤተ እስራኤላውያን መቃብር አለ። ሰዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ጠያቂ አልነበረውም። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ እትዬ ስንዱም አብረው ሄደዋል፤ እናታቸው ግን እዚያው ከአንዲት ወይራ ግርጌ ተቀብረዋል። እትዬ ስንዱ በየበዓሉ ይደውላሉ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ "የእማዬ መቃብርስ?" ይላሉ። እናቴም "ደህና ነው" ትላለች።

በዚያ ክረምት ግን "ልጅሽ ደህና ስልክ ይዛለች አሉ። ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ ልጆቼ የአያታቸውን ማረፊያ ይዩት" አሉ።

እኔና እናቴ ወረድን። ቦታውን ቀጋና አጋም ውጦታል። ከብት ገብቶ ድንጋዮቹን በትኗቸዋል። የጎረቤታችን የአያ ሙላት ማረሻ ደግሞ እየገፋ ወይራዋ ሥር ሊደርስ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ይኼንንማ አታንሺ። ስንዱ ካየችው በቁሟ ትሞታለች።"

ለመርዳት ቸኮልኩ። በእኛ አገር ቅዳሜ በሬ አይጠመድም፤ ሰው ይገኛል ብዬ ለቅዳሜ ደቦ ጠራሁ። ብዙ ሰው ገጀራና ዶማ ይዞ መጣ። አያ ሙላት እንኳ "እኔማ ባለቤት የሌለው መሬት መስሎኝ" እያሉ መጡ።

ሥራው ሊጀመር ሲል እናቴ እየሮጠች ደረሰች።

"ተዉ! ዛሬ ሰንበታቸው ነው። የስንዱ እናት ቅዳሜ እሳት እንኳ አያነዱም ነበር። በገዛ ማረፊያቸው ሰንበታቸውን ልንሽርባቸው ነው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ሙላት ሳቁ።

"ልጅ ጠራችን፣ እናት አባረረችን! ነገ እንዳንል የእኛ ሰንበት ነው። ሰኞ ደግሞ እርሻ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ወቅቱ የጤፍ እርሻ ነው። አያ ሙላት ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። ሰኞ ደግሞ ተራቸው ነበር። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ተበተነ። እኔም ነገሩ በዚሁ ቀረ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት እናቴና እኔ ብቻችንን ወረድን። ገና ሳንደርስ የዶማ ድምፅ ሰማን። አያ ሙላት ቀድመውናል። በሬያቸው ከእርሻው ዳር ሣር ይግጣል።

"አያ ሙላት፣ ተራዎትስ?" አለች እናቴ።

"መሬቱ የት ይሄዳል? ይልቅ ቁርስ አምጪ፤ ደቦ የጠራ ያበላል!"

ሌሎቹም በሬያቸውን እየፈቱ አንድ በአንድ መጡ። እሾሁን መነጠርን፣ የተበተነውን ድንጋይ ወደ ቦታው መለስን፣ ዙሪያውን ካብን። በእርሻው በኩል ያለውን ካብ አያ ሙላት ማንንም አላስነኩም፤ ገፍተው ያረሱትን ትልም ለመቃብሩ ትተው ከድሮው ድንበር ላይ ራሳቸው ካቡት።

ፎቶውን አንሥቼ ላክሁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እትዬ ስንዱ እያለቀሱ "ወይራዋ አለች?" አሉ። እናቴም "አለች። ደህና ነው፣ ስንዱዬ" አለቻቸው። በዚያን ቀን "ደህና ነው" ማለቷ እውነት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ ቀድሞ "ሞጣ አካባቢ" ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ መንደሬን በስሟ እጠራለሁ፤ የት ናት ያለኝንም ቁጭ አድርጌ ይህንኑ እነግረዋለሁ።

የካቡ የመጨረሻ ድንጋይ የተቀመጠው ሰኞ፣ ሰኔ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።